ዳገቱን ለማየት ጉልበት ብቻ አይበቃም

የኮልፌ ሰው በእረፍት ቀን «የት እንሂድ?» ሲባል ሐሳቡ ቶሎ ወደ መሀል ከተማ ይሮጣል። ከራስጌው ያለውን ዳገት ይረሳዋል። የእንጦጦ ሰንሰለት ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ፣ ጉለሌና ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች የሚጋሩት 705 ሄክታር ስፍራ አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል። ይህን መሰል ቦታ መጎብኘት ቀላል መዝናኛ ይመስላል እንጂ ሙያ ይጠይቃል።

ሙያው ከእግር ይጀምራል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው። መግቢያው ላይ የተጣደፈ ሰው መሀል ዳገት ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲነካካ ይገኛል። የለመደ ግን እየተጫወተ ይወጣል፤ ወሬው በትንፋሽ ከተቆራረጠ ይቆማል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ፣ ጠመንጃና ጥይት ተሸክሞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ አንዱ ትምህርቱ ነበር። በግለ ታሪኩ ያንን ጉዞ ሲያነሳ ግን የአገሩን ውበትም አልዘነጋም። እኛ ጠመንጃም ሰዓትም የለብንም፤ ምን ያጣድፈናል?

ከእግር ቀጥሎ ዓይን ነው። ከሩቅ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ቀረብ ሲሉ ይለያል። ቀጥ ብሎ የቆመው ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገባ። የማገዶ እጦት ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ሊያስነሣ በደረሰ ጊዜ ከተማዋን ያቆያት እሱ ነው። አጠና ተራን ያህል ሰፈር ያለው ኮልፌማ ይህን ዛፍ ሊያማ አይችልም፤ የስንቱ ጭቃ ቤት የቆመው በእሱ ነው! ቢሆንም ከሥሩ ተመልከቱ፤ ደረቅ ቅጠል እንጂ ብዙ ነገር አይበቅልም። ወደ አገር በቀሎቹ ስትሻገሩ ግን ቁጥቋጦውና ሐረጉ ይበዛል። የማዕከሉ ሥራም እነዚህን መጠበቅና ማብዛት ነው። ኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሏት፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር የማይገኝ ነው።

ሦስተኛው ሙያ አብሮ የሚሄድን ሰው መምረጥ ነው። የእኔ ምክር ባልቴት ወይም ሽማግሌ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ዳማከሴ ለምች፣ ኮሶ ለሆድ ትል፣ ወይራ ለወተት ዕቃ ማጠኛ መሆኑን እነሱ ሳይጠየቁ ይነግሯችኋል። ይህ እውቀት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ ነው የእንዶድ ምርምሩ የተጀመረው። ከሳሙና በፊት የነበረ የእናቶች ሙያ ዓለም ወደሚያውቀው ሳይንስ ገባ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ያየ፣ ካፌና መጫወቻ የሚጠብቅ፣ እዚህ ቅር ይለዋል። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ግን መሬቱ ጠንክሮ፣ አረንጓዴው ሳይደርቅ ይገኛል።

ለፎቶ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ቦታ ይሻላችኋል። ልጆች ካሏችሁ ግን ይህን ሞክሩ፦ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ዛፍ ብቻ ይለዩ። ጥድ፣ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት የተነባበረ፤ ወይራ፣ የቅጠሉ ጀርባ ከፊቱ የደበዘዘ፤ ኮሶ፣ ልጡ ቀላ ብሎ የሚላጥ፣ አበባው ተንዠርግጎ የሚወርድ። አራተኛውን ማወቅ ሲያምራቸው ወደ ዳገቱ የሚጎትቷችሁ እነሱ ይሆናሉ።