ለልጆቻችን ስኬትቦርድ ስንመርጥ

(ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በስፖርት ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ገለጻ። ላልተገኛችሁ ነዋሪዎች ሲባል እንደተነገረው ሆኖ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ሳንቃና ስለ አራት ጎማ ነው። «ውኃው ሦስት ቀን ጠፍቶ እናንተ ስለ መጫወቻ ታወራላችሁ እንዴ?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ወደ ስብሰባችን የመጣው በጨዋታ በኩል ሳይሆን በተሰበረ አጥንት በኩል ነው።

እንደምታስታውሱት መስከረም ላይ የጎረቤታችን የ11 ዓመት ልጅ ከግቢያችን በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ከስኬትቦርድ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ ሁለት ማመልከቻ ደረሰ። አንደኛው በ14 ወላጆች የተፈረመ ሲሆን «ይህ ነገር በሰፈራችን ጨርሶ ይከልከል» ይላል። ሁለተኛውን ልጆቹ ራሳቸው በደብተር ወረቀት ላይ የጻፉት ነው። «አትከልክሉን፤ ደህናውን እንዴት እንደምንመርጥ ንገሩን» ይላል። ሁለቱንም እንድናጠና ታዘዝን። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ስንጀምር ልባችን ከከልካዮቹ ጋር ነበር።

በመጀመሪያ ያደረግነው ልጁ የወደቀበትን ስኬትቦርድ አስመጥቶ መፍታት ነው። ከላይ የሚያምር የነብር ሥዕል አለው። ከሥር ስናየው ግን ጎማዎቹ ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው። የአንደኛው ጎማ ኩሽኔታ ጨርሶ አይዞርም። ጎማዎቹን የሚይዘው እግርም ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ልጁ እንደነገረን ትንሽ ጠጠር ፊት ለፊት ስትመጣ ጎማው ቀጥ አለ፤ እሱ ግን አልቆመም። ከየት ሱቅ እንደተገዛ ማንሣቱ ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲህ ያለው በብዙ ቦታ ይሸጣል። አባትዬው ለልጁ ደስ ይበለው ብሎ ነው የገዛው። ማንም ወላጅ ያደርገው ነበር።

እንግዲህ ዕድሜያችን ገፋ ያለው ሁሉ ኩሽኔታ እናውቃለን። ከጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምነን፣ በጣውላ ላይ መትተን፣ ቁልቁለት ስንወርድ ጉልበታችን ተልጦ ቤት ስንገባ ሁለተኛ ጊዜ በእናታችን እጅ ተመተናል። ስኬትቦርድ የሚባለውም ከዚያ የራቀ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሳንቃ ላይ ቆመው በባሕር ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶች ነበሩ። ባሕሩ ጸጥ ሲል ሥራ ፈቱ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጣውላ ሥር ጎማ መትተው በየብስ ላይ መጋለብ ጀመሩ። የያኔው ጎማ ከብረት፣ በኋላም ከሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ስለነበር ትንሽ ጠጠር ካገኘ ይቆም ነበር፤ ጋላቢው ግን ወደፊት ይበራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ወጣት ፖሊዩሪቴን ከሚባለው ለስለስ ያለና የማይላላጥ ነገር የተሠራ ጎማ ለስኬትቦርድ አዋለ። ጠጠሩን መዋጥና መሬቱን መጨበጥ የቻለው ጎማ ያኔ መጣ። ታዲያ ለልጃችን ደረቅ ፕላስቲክ ጎማ ስንገዛለት ዓለም ከ50 ዓመት በፊት የተወውን አደጋ መልሰን መግዛታችን ነው።

ከዚህ የተረዳነው ነገር አንድ ነው፤ ስኬትቦርድ የሚመረጠው በሚነዳበት መሬት እንጂ በሥዕሉ አይደለም። ባሕር ላይ የሚጋልቡትም ለትንሹና ለትልቁ ማዕበል የተለያየ ሳንቃ ይይዛሉ። የእኛ ማዕበል መሬታችን ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት መሬታችንን እንይ።

በሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። እውነቱን እንናገር፤ በኮብልስቶን ላይ የሚሆን ስኬትቦርድ የለም። ጥርስ ያራግፋል፣ ቡሎን ያላላል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሲሚንቶ ግን ደህና ነው፤ ስንጥቅና ጠጠር አለው እንጂ። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን እናቶች ሕፃን አዝለው፣ አዛውንት ከዘራ ይዘው የሚሄዱበት ስለሆነ መሽቀዳደሚያ ሊሆን አይገባም። ዋናው የመኪና መንገድማ አይነሣ።

መሬቱ ከታወቀ፣ ሲገዛ የሚታየው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጎማ። ፖሊዩሪቴን መሆኑን ጠይቁ። ሲሚንቶ ላይ ስትመቱት ቃ! የሚል ከሆነ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ተዉት። የደህና ጎማ ጥንካሬ በቁጥርና «ኤ» በሚል ፊደል ይጻፋል። ከ78ኤ እስከ 87ኤ ያለው ለስለስ ያለ ስለሆነ እንደ እኛ ግቢ ስንጥቅና ጠጠር ላለበት መሬት ይስማማል። 99ኤና ከዚያ በላይ ያለው ጠንካራ ስለሆነ ለልሙጥ የስፖርት ሜዳ ነው። በስፋትም ለእኛ መሬት ከ54 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ከ50 እስከ 53 ያለው ትንሽ ጎማ ለልሙጥ ቦታ ነው።

2ኛ/ ኩሽኔታ። በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት፣ በድምሩ ስምንት አለ። ቁጥሩ 608 ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ይህ ቁጥር በብዙ ማሽን ላይ ስለሚሠራ ኩሽኔታ ሻጮች ያውቁታል፤ ቢበላሽ ሙሉውን ስኬትቦርድ መጣል የለብንም። ሲገዛ ጎማውን በጣት አሽከርክሩና ጆሮ ስጡ። የሚንኳኳ ወይም ቶሎ የሚቆም ከሆነ አይሆንም። የኩሽኔታ ጠላት ውኃ ነው። ክረምት ላይ በኩሬ መንዳት ክልክል ነው፤ ከራሰም ወዲያው ማድረቅና ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል።

3ኛ/ እግሮቹ። ጎማዎቹን የሚይዙት ሁለት እግሮች ብረት መሆን አለባቸው። ጎማው የሚገባበት ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከሳንቃው ወርድ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዘንጉ ካጠረ ሳንቃው ይገለበጣል፤ ከረዘመ ደግሞ እግር ይመታል።

4ኛ/ ሳንቃው። ደህናው ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት ሰባት ስስ ንብርብር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ጎኑን ስታዩ ንብርብሩ ይቆጠራል። ለትንንሽ ልጆች ወርዱ ከ18 እስከ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍ ላሉት ከ20 እስከ 21 ይሆናል። በጎድጓዳና በጠመዝማዛ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ከ21 በላይ ያለው ሰፊ ሳንቃ እግር ያረጋጋል። ላዩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ መሆን አለበት፤ የነብሩ ሥዕል እግር አይዝም።

5ኛ/ ያገለገለ ሲገዛ። ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ከአዲሱ ርካሽ ይልቅ ያገለገለው ደህና ይበልጣል። የሁለቱን ጫፍና የቡሎኖቹን ዙሪያ እዩ። ከተሰነጠቀ ወይም ንብርብሩ ከተላጠ አትግዙ። በመጨረሻም መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ገፋ አድርጉት። ቀጥ ብሎ ካልሄደ ዕቃው ጠማማ ነው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ «ይሁን፣ ደህናውን ገዛን፤ አይወድቁም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ይወድቃሉ። ከሳንቃው ጋር ሄልሜት፣ የእጅ አንጓ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ አብሮ ካልተገዛ ግዢው አልተሟላም። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ሳንቃው ይቆይ፤ ሄልሜቱ ይቅደም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይነዱ፣ ከ6 እስከ 10 ያሉት ደግሞ አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ እንዲነዱ ይመክራል። እኛም ይህንኑ የሰፈራችን ደንብ እንዲሆን እንጠይቃለን።

ከመከልከል ሐሳባችን ያስመለሰን ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ላፍቶ ሄድን። እዚያ በወጣት ማዕከሉ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተ የስኬትቦርድ ሜዳ አለ። «ኢትዮጵያ ስኬት» የተባለው የወጣቶች ስብስብ «ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ» ከተባለው ድርጅትና ከውጭ ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ የሠራው ነው። ሲሚንቶው እንደ ማዕበል ወጣ ገባ እያለ ተጠማዟል። ልጆቹ በዚያ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ባሕር ያላየ ሰው ባሕርን ያስባል። ሴቶች ልጆችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሶስና ጫላና ሚኪ አስፋው የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴት ስኬተሮች ስብስብ ሴቶች ልጆች ያለ ሐፍረት እንዲማሩ በር ከፍቷል።

እኛን ያስገረመን የልጆቹ ብልሃት አይደለም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሌላው ሮጦ ያነሣዋል። ሳንቃ የሌለው ተራ ይጠብቃል፤ ያለው ያለ ጭቅጭቅ ያውሳል። ሄልሜቱ ከራስ ወደ ራስ ይዞራል። አንዳችን «ይህንን በሰፈራችን በምን ስብሰባ ልናስተምር ነበር?» አለ። ደግሞም ጨዋታው የቦዘኔ ነው የሚለው አይሠራም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ስኬትቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ በ13 ዓመቷ ወርቅ ወስዳለች። ያኔ ዕድሜዋ ከእኛ ልጅ ዕድሜ በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጥ ነበር።

ስለሆነም የሚከተለውን ለውሳኔ እናቀርባለን። ሀ/ ጨዋታው አይከልከል፤ ከታች ያለው ቁልቁለት ግን ይከልከል። ለ/ ማኅበሩ ሁለት ደህና ስኬትቦርድና አራት ሄልሜት ገዝቶ በጥበቃ ቤት ያስቀምጥ፤ ልጆች በተራ ፈርመው ይውሰዱ። እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ርካሽ ከሚገዛ አሥር ቤት ሆኖ አንድ ደህና መግዛት ይሻላል። ሐ/ ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የግቢው ሲሚንቶ ከመኪና ነጻ ይሁን። መ/ ጠጠሩን ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ራሳቸው ይጥረጉ። ጋላቢ መሬቱን የሚያውቀው ሲጠርገው ነው።

እጁ የተሰበረው ልጅ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ጀሶው ወጥቶለታል። የፕላስቲክ ስኬትቦርዱን ለማኅበሩ አስረክቧል። ነብሩ ያማረ ስለሆነ ሳንቃውን የጥበቃ ቤቱ መደርደሪያ አድርገነዋል።



(የስብሰባው ውሳኔ፦ ከ«ሀ» እስከ «መ» ያለው ለሦስት ወር ለሙከራ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። የክልከላውን ማመልከቻ ከፈረሙት እናቶች መካከል ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ለመቆጣጠር ተመዝግበዋል። ሦስተኛ ሰው ስለሚያስፈልግ ፈቃደኛ የሆነ በጥበቃ ቤት ስሙን ያስመዝግብ።)