ኮምፒውተር በእጅ የሚለመድ ትምህርት ነው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ማሻ፣ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ የቁጠባና የብድር ሂሳብ ሳነብ ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን ሌላ ነገር አዝዛኛለች። ባለፈው ስብሰባ «ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ገብተው የሚማሩት የኮምፒውተር ትምህርት ምንድን ነው? አስተማሪዋስ ምን ትሠራለች?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ነበር። እኔ በዲፕሎማ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር መምህሯን ኤክሴል በማስተማር ስለማግዛት ሥራውን በቅርብ አየዋለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ በመጨረሻም የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ትምህርቱ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ይባላል። ልጆቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምረው ይማሩታል። 11ኛ ክፍል ሲደርሱ ዳታቤዝ፣ ድረ ገጽ መሥራት፣ የኮምፒውተር ጥገናና የፕሮግራም አጻጻፍ መግቢያ ይገባበታል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የመምህሯ የመጀመሪያ ሥራ ነገሩን ልጆቹ በሚያውቁት ማስረዳት ነው። ዳታቤዝን ስታስተምር የእኛን የቁጠባ መዝገብ ታነሣለች፦ እያንዳንዷ አባል አንድ መስመር ናት፤ ስሟ፣ የቆጠበችው፣ የተበደረችው በየዓምዱ ይገባል። ፕሮግራምን ስታስተምር ደግሞ እንጀራ መጋገርን ታነሣለች። «ሊጡ ቦክቶ እንደሆነ ምጣዱን ጣጂ፤ ካልቦካ ጠብቂ። ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ አስፊ» ትላቸዋለች። ፕሮግራም ማለት ይኸው ነው፤ ለማሽኑ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፉ መንገር። ይህን የሰሙ ሴቶች ልጆች «ይህንማ እናውቀዋለን!» ይላሉ።

ሁለተኛው ሥራዋ ማሽኖቹን በሕይወት ማቆየት ነው። የበጋው አቧራ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላይ ያቃጥላል፤ ከየቦታው የሚመጣ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይገባል። አንዱ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ክዳኑን ትከፍታለች፣ አቧራውን በብሩሽ ትጠርጋለች፣ ራሙን አውጥታ ጫፉን በላጲስ ታሸዋለች፣ መልሳ ትሰካዋለች። ብዙ ጊዜ ይነሣል። መብራት የጠፋ ቀን ኪቦርዱን ሰሌዳ ላይ ሥላ ታስተምራለች።

በዚህ ብቻዋን አይደለችም። በጋና ሪቻርድ አፒያ አኮቶ የተባለ መምህር በ2010 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ሲያስተምር የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ዞረ። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አልነበረውም፤ ተማሪዎቹ ግን በብሔራዊ ፈተና ስለ ኮምፒውተር ይጠየቃሉ። ፎቶው ከታየ በኋላ ኮምፒውተሮች ተለገሱለት። መምህሩ የሚመሰገን ነው። የሰሌዳ ሥዕል ግን ስሙን እንጂ አያያዙን አያስተምርም። ፈትል የምትፈትሉ ታውቁታላችሁ፤ እንዝርት ሲሾር በማየት ብቻ ክር ያወጣች ልጅ የለችም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ጊዜ ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ትልልቅ ቴሌቪዥን ገብቶ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። የፕላዝማው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ያልፋል። የገባውም ያልገባውም እኩል ይታለፋል። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ የቆመችው መምህራችን ከማሽኑ በፊትና በኋላ በምታገኛት ጥቂት ደቂቃ ነበር የምታስረዳን፤ የገባንም በዚያች ደቂቃ ነው።

ነገሩን ከሌላ ወገንም ማየት ደግ ነው። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለ ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ አልነበራቸውም። ልጆቹ ግን ራሳቸው ከፍተው፣ እርስ በርስ እየተሳዩ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን መዝፈን ጀመሩ። እንዴት ቻሉ? እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይነካካው ስለነበር ነው። ፕላዝማው በእጃችን አልነበረም፤ የእነሱ ታብሌት በእጃቸው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልጆች እንምጣ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና በቁጥር ላስረዳ። አንድ ክፍል 48 ተማሪ አለው፣ የሚሠራ ኮምፒውተር ደግሞ 12 ነው እንበል። ለአንዱ ማሽን አራት ልጅ ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ለመግባት፣ ስም ለመጥራትና ማሽኑን ለማስነሣት 8 ደቂቃ ቢሄድ 32 ይቀራል፤ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ልጅ 8 ደቂቃ። በሳምንት አንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ፣ በዓመት 32 ሳምንት ብንይዝ 256 ደቂቃ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ 4 ሰዓት ከ16 ደቂቃ! መብራት የጠፋበትን ቀን አልቀነስኩም።

እሷም ብትሆን ለሴት ልጅ በሙሉ አትደርሳትም። አራት ልጆች አንድ ማሽን ላይ ሲቀመጡ ማውሱን ማን ይይዛል? ወንዱ ልጅ ነው። በከተማው ካፌና በጓደኛው ስልክ ለምዶታል። ልጃችን ከኋላ ሆና ታያለች፤ «ነካሁ፣ አበላሸሁ» እንዳትባል ትፈራለች። የመምህሯ ሦስተኛ ሥራ፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ይህን ማስተካከል ነው። ሰዓት ይዛ ተራ ታስጠብቃለች፤ ማውሱን ከአንዱ ተቀብላ ለሌላዋ ትሰጣለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከደመወዟ ምንም ሳይጨመርላት ለሴቶች ብቻ ክፍሉን ትከፍታለች።

ነገሩ ለምን ያስጨንቀናል? በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም.ም ቀጥሏል። ነገ የእኛ ልጅ እዚያ ስትቀመጥ የፊዚክሱን መልስ እያወቀች ማውሱ ከእጇ ቢያመልጥ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በእሷ ላይ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባል ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና በአገር ደረጃ ተጀምሯል። ሥልጠናው ግን ኢንተርኔት ላገኘና ኮምፒውተር መያዝ ለለመደ ነው።  ደግነቱ ኤክሴልም ሆነ የፕሮግራም መጀመሪያው ያለ ኢንተርኔት ይለመዳል።

ሴት ለዚህ አትሆንም የሚል ካለ ደግሞ፣ በአሜሪካ ኤንያክ የተባለውን የመጀመሪያዎቹን ዘመን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። በእኛም አገር ሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ገና በልጅነቷ ፕሮግራም መጻፍ ጀምራ ሌሎች ሴቶች ልጆችን ስታስተምር በቴሌቪዥን አይተናል።

እንግዲህ የቅዳሜውን ሂሳብ ላስላ። 24 ልጆች ቢመጡ ለአንድ ማሽን ሁለት ይሆናሉ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ እያንዳንዷ አንድ ሙሉ ሰዓት ታገኛለች። በአምስተኛው ቅዳሜ በዓመቱ የክፍል ጊዜ የምታገኘውን ታልፈዋለች። ነገር ግን እስካሁን ከሰባትና ከስምንት ልጅ በላይ መጥቶ አያውቅም። የቀሩት ሰነፎች ሆነው አይደለም። ውኃ ላይ ናቸው፣ እንጨት ላይ ናቸው፣ ገበያ ከሆነ ቤት ጠባቂ ናቸው። የላክናቸው እኛው ነን፤ ሥራውም የግድ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሴት ልጅ ያላችሁ የቅዳሜ ጠዋትን ሁለት ሰዓት ልቀቁላቸው። ጎረቤት ለጎረቤት ተጣመሩ፤ አንድ ቅዳሜ አንዷ ለሁለቱም ቤት ውኃ ታስቀዳ፣ በሚቀጥለው ሌላዋ። ወንድ ልጅ ያለው ቤት ደግሞ እሱ ጀሪካኑን ይያዝ፤ ማውሱን ጠግቧል።

ሁለተኛ፣ በወር 10 ብር ለሦስት ወር እናዋጣ። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አይበቃም። ተበላሽተው ጥግ ከተቀመጡት ውስጥ በጥቂት ዕቃ የሚነሡ ስላሉ ለእነሱ መጠገኛ ይሆናል። ዕቃው በመምህሯ ዝርዝር ይገዛል፤ ደረሰኙ በዚህ ስብሰባ ይነበባል።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ ኤክሴል ሲለምዱ የማኅበራችንን መዝገብ ከእኔ ጋር ይደምሩ። ዛሬ ይህን መዝገብ ከእኔ በቀር የሚያመሳክረው የለም። እምነታችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሂሳብ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆኑ ለማኅበሩም ለእኔም ደግ አይደለም። ልጃችሁ አጠገባችሁ ተቀምጣ የእናንተን መስመር ብታነብላችሁ እኔን ከመስማት ይሻላል።

ጥያቄ ካላችሁ ቡናው ቶና እስኪደርስ እመልሳለሁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እጅ ይነሣና ይቆጠር፤ ውሳኔውን ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፍረዋለሁ።