ዱንጉዛ፦ ጥበቡ የማን ነው? ዋጋውስ ለማን?



የአገር ባህል ልብስ በልብስ ትርዒት መድረክ ላይ መታየት ከጀመረ ውሎ አድሯል። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን ድርጅት ካቋቋመች ወዲህ በእጅ የተሸመነው የኢትዮጵያ ጥጥ በውጭ አገር መደብሮች ስፍራ አግኝቷል። በአዲስ አበባም እንደ ፍቅርተ አዲስና ማህሌት አፈወርቅ ያሉ የልብስ ንድፍ ባለሙያዎች የሸማኔውን እጅ ሥራ ለዘመናዊ አለባበስ አውለውታል። የንድፍ ባለሙያውን ዓይን ከሚስቡት ጥበቦች አንዱ ደግሞ የወላይታው ዱንጉዛ ነው።

ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት የሚፈራረቁበት ጨርቅ ነው። በመስከረም ወር የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር ከሶዶ እስከ ሁምቦ ጠበላ አደባባዩ በዚህ ልብስ ይደምቃል። ጎረቤቱ የጋሞ ሕዝብም ዱንጉዛን ይሸምናል፤ ይለብሳልም። እንግዲህ ይህን ጥበብ ይዞ ውድ የልብስ ስብስብ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ጥበቡ የማን ነው? ዋጋውስ ወደ ማን ይሄዳል?

አንድን ልብስ ውድ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ባለቀለሙ ክር በአብዛኛው ከፋብሪካ የሚገዛ ስለሆነ ብርቅነቱ ከክሩ አይመጣም። ብርቅ የሚያደርገው እጅ ነው። ሴቶች ጥጡን ዳምጠውና ባዝተው በእንዝርት ይፈትላሉ። ድሩ ይደወራል፤ ማጉ በቀሰም ይጠቀለላል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እያመላለሰ ጨርቁን ጣት በጣት ያሳድገዋል። ቀለም በተለወጠ ቁጥር ክር ይለወጣል፤ አንድ ክር ከተሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍታት ነው። ገዢው በመደብር ውስጥ ከፍ ያለ ዋጋ ሲከፍል የሚከፍለው ለዚህ ትዕግሥትና ለዚህ እውቀት ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ እውቀት ባለቤት በታሪካችን ውስጥ የተከበረ ሰው አልነበረም። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያስረዳል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ቅሪቱ በልብሱ ምልክት ላይ ይታያል። የንድፍ ባለሙያው ስም በጉልህ ይጻፋል፤ የሸማኔው ስም ግን አይገኝም።

ከዚህ የሚከብድ ጉዳይም አለ። ከወላይታና ከጋሞ የገጠር ቀበሌዎች ሕፃናት «ትምህርት ቤት ትገባላችሁ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከሽመና ጉድጓድ ሲቀመጡ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት በእጅ የተሸመነ የኢትዮጵያ ጨርቅ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ዕቃዎች መካከል ገብቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ዓመት ያልሞላውም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ያዛል። ነገር ግን የቤት ውስጥ ሽመና ከተቆጣጣሪ ዓይን የራቀ ነው። ጨርቁን ከደላላ የሚገዛ ባለሙያ የማን ጣት እንደሸመነው ማወቅ አይችልም። ስለዚህ የሸማኔውን ስም መጠየቅ የምስጋና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው አዋቂ ይሁን ልጅ የሚታወቅበት መንገድ ነው።

ሕጉስ ጥበቡን ይጠብቀዋልን? የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ንድፍ ነው። ዱንጉዛ ከአያት የተወረሰ ነውና አዲስ ሊባል አይችልም። የውጭ ፋብሪካ የሽመናውን መልክ በተራ ጨርቅ ላይ አትሞ ቢሸጠው በዚህ አዋጅ የሚከስሰው የለም። ሆኖም የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት የወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። መልኩን መከልከል ባይቻልም በእጅ የተሸመነውን ከታተመው የሚለይ ምልክት ማቆም ይቻላል።

ይህም በሌላ አገር ተሠርቶበታል። በስኮትላንድ ሃሪስ ትዊድ የተባለው የሱፍ ጨርቅ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገበ ምልክት አለው። የእንግሊዝ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ሕግ ስሙ በውጭኛው ሄብሪድስ ደሴቶች ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ ለሚሸመነው ጨርቅ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ታላላቅ የልብስ ቤቶች ጨርቁን ሲፈልጉ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳሉ እንጂ ሽመናውን ወደ ራሳቸው ፋብሪካ አይወስዱም።

«ያ ለባለጸጋ አገር ነው» የሚል ቢኖር ሁምቦን ይመልከት። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የወረዳው ገበሬዎች የተራቆተውን ተራራ ከልለው ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ዛፍ መንከባከብ ጀመሩ። 2,728 ሄክታር መሬት በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥር ሆነ። የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም ደኑ ከአየር ከሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። በእጅ የማይዳሰስ ነገር በማኅበር ስም ተመዝኖ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበራቱ ገባ። አየሩን በውል የሸጠ ገበሬ ባለበት ወረዳ ሸማኔው ጥበቡን በውል የማይሸጥበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ከዚህ ማኅበር አባላት የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዱንጉዛን ለስብስቡ የመረጠ ባለሙያ ከደላላ ሳይሆን ከሸማኔዎች ማኅበር ጋር በጽሑፍ ይዋዋል፤ ክፍያውም በክንድ ብቻ ሳይሆን ከልብሱ የመሸጫ ዋጋ ታስቦ ይወሰን። ሁለተኛ፣ የሸማኔውና የወረዳው ስም ከንድፍ ባለሙያው ስም ጎን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የወላይታና የጋሞ ሸማኔዎች ተስማምተው የወል ምልክት እንዲያስመዘግቡ ማኅበሩ በእውቀቱ ያግዛቸው።

ይህ ሲደረግ የልብሱ ዋጋ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ጥበብን ውድ ብሎ እየሸጡ ጥበበኛውን በርካሽ ማሠራት ለሙያውም ለአገሩም ክብር አይሆንም። የሁምቦ ሸማኔ ልጁን ወደ ከተማ ጉድጓድ ሳይሆን ወደ ጠበላ ትምህርት ቤት መላክ የቻለ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ዱንጉዛ በእርግጥ የክብር ልብስ ሆነ ማለት ይቻላል።