በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዋይፋይ፦ ሼር የተደረገ ፎልደር አልከፈት ሲል

የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች፣

ዛሬ ልናገርበት የመጣሁት ጉዳይ በየቤቱ ያለ፣ በአደባባይ ግን የማይወራ ነው። ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ላይ ሼር የተደረገ አንድ ፎልደር አለ። በላፕቶፕ ልትከፍቱት ስትሞክሩ ዊንዶውስ ሊያገኘው እንዳልቻለ የሚናገር ሣጥን ይመጣል፤ ከሥሩ 80070035 የሚል ቁጥር አለበት። ትናንት ይሠራ ነበር፤ ማንም ምንም አልነካም። የሚጠራው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ፋየርዎሉን ያጠፋል፣ የፓስወርድ ጥያቄውን ያነሳል፣ ፎልደሩንም «ለሁሉም» ብሎ ይከፍተዋል። ፎልደሩ ይከፈታል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ሰውየውም ይሄዳል። እኔ ግን ይህ አሠራር፣ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ ጥገና ሊባል አይገባም እላለሁ።

«በተለይ በእኛ ሰፈር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ ሠሪዎች የቤት ኔትወርክ ሲሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ አንድ ቤተሰብ ነው የሚታያቸው። በአቃቂና በቃሊቲ ብዙ ግቢዎች ያለው ኑሮ ግን ሌላ ነው። አከራዩ ከኢትዮ ቴሌኮም አንድ መስመር ያስገባል፤ የፊት ለፊቱ ቤት፣ ሰርቪሱ፣ ከኋላ ያሉት የኪራይ ክፍሎች ሁሉ በዚያው ዋይፋይ ይጠቀማሉ። ተከራይ ሲለቅ ፓስወርዱ አይቀየርም። በዚሁ ግቢ ደግሞ ለድርጅቶች ሒሳብ የምትሠራ እህት አለች፤ ቃሊቲ ጉምሩክ ሲመላለስ ውሎ ማታ ዲክላራሲዮን የሚያዘጋጅ ትራንዚተር አለ። ፎልደራቸው ውስጥ የሰው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የባንክ ደብተር ገጽ ተቀምጧል። እንግዲህ «ለሁሉም» ሲባል እነማን ናቸው ሁሉም? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ በእጁ የያዘ ሰው ኃላፊነት አለበት። አዋጁ ባይኖርስ? ወረቀቱን አምኖ የሰጠን ሰው አለ።

ስለዚህ ችግሩን በቅደም ተከተል እንፈልገው። በመጀመሪያ ፎልደሩን ተዉትና ሁለቱ ኮምፒውተሮች መገናኘት መቻላቸውን አረጋግጡ። ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር በርቷል? ኃይል ለመቆጠብ ብሎ እንቅልፍ ውስጥ አልገባም? ከዚያ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ አይፒኮንፊግ ብላችሁ የሁለቱንም አድራሻ አንብቡ። አንዱ 192.168.1.5፣ ሌላው 192.168.1.8 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ግን ያ ኮምፒውተር ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን ፈትሹ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በእኛ ግቢዎች የብዙው ችግር ምንጭ ይህ ነውና። የቴሌው ራውተር ሳሎን ተቀምጧል፤ ሲግናሉ ሰርቪስ ቤት አይደርስም። ስለዚህ ከመርካቶ ሌላ ራውተር ይገዛና ገመድ ተስቦለት ከኋላ ይተከላል። ገመዱ የሚሰካው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት የሚል ጽሑፍ ባለበት፣ ቀለሙም ከሌሎቹ በተለየው ቀዳዳ ነው። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ራውተር አሁን የራሱን ኔትወርክ አቋቁሟል፤ ከፊት ያሉት 192.168.1፣ ከኋላ ያሉት 192.168.0 ሆነዋል። ውጤቱ ሰውን ግራ ያጋባል። ከኋላ ያለው ላፕቶፕ የሳሎኑን ኮምፒውተር አድራሻ በቁጥር ቢጽፍ ሊከፈትለት ይችላል፤ በስም ቢፈልገው አያገኘውም። ከሳሎን ወደ ኋላ ግን በቁጥርም በስምም አይገባም፤ ሁለተኛው ራውተር ከፊት የሚመጣውን ጥያቄ አያሳልፍምና። ይህን በፋየርዎል ወይም በፎልደር ፈቃድ ለማስተካከል የሚታገል ሰው ቀኑን ሙሉ ቢለፋ አይሳካለትም። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር በሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው አሠራር መቀየር ነው። ያ ምርጫ ከሌለው አድራሻ ማደሉን ታጠፉበታላችሁ፤ የራሱን አድራሻም ከቴሌው ራውተር ጋር እንዳይጋጭ ትቀይሩና ገመዱን ከተራዎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ትሰካላችሁ።

መብራትም የራሱ ድርሻ አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፤ አድራሻም እንደ አዲስ ሊያድል ይችላል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ኮምፒውተር ዛሬ 192.168.1.9 ሲሆን፣ ዴስክቶፕ ላይ በቁጥር የተሠራው አቋራጭ ባዶ ቦታ ያንኳኳል። «ማንም ምንም ሳይነካ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አቋራጩን በኮምፒውተሩ ስም ሥሩት፤ ወይም በራውተሩ ውስጥ ለዚያ ኮምፒውተር አንድ ቋሚ አድራሻ አስይዙለት።

ሌላው የሚያሳስተው «ኔትወርክ» የሚለው መስኮት ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የኮምፒውተሩ ስም ካልታየ ሰው የለም ብሎ ይደመድማል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀውና ፎልደሩን የሚከፍተው አሠራር የተለያዩ ናቸው። በአድራሻው መስመር ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያጋደሉ ሰረዞች አድርጋችሁ ስሙን ጻፉና ኢንተር በሉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያልታየው ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ካልተከፈተ የኔትወርኩን ዓይነት እዩ። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያይ፣ ሞደም የቀየራችሁ ጊዜም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ «ፐብሊክ» ብሎ ይመድብና የፎልደር ጥያቄዎችን ይዘጋል። «ፕራይቬት» ስትሉት ይከፍታል። ፋየርዎሉን ማጥፋት ሳያስፈልግ የሚበቃው ይህ ለውጥ ነው።

ግን ተከራዮችስ? በርካታ ራውተሮች ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ዋይፋይ አላቸው። እሱን አብሩና ለተከራይና ለመጪ ሂያጁ እሱን ስጡ፤ ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ የቤቱን ኮምፒውተሮች ግን አያዩም። የገዛ ላፕቶፓችሁ በስህተት በዚያው ዋይፋይ ከገባ ፎልደሩ እንደማይከፈትለትም አስታውሱ።

አሁን ኮምፒውተሩ ተገኝቶ ስምና ፓስወርድ ጠየቀ እንበል። እዚህ ሰው በጣም ይናደዳል፤ «በየቀኑ የምገባበትን ቁጥር ነው የጻፍኩት!» ይላል። አራት አሐዝ ያለው ፒን ለዚያ ለራሱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሠራም። የሚፈለገው የአካውንቱ ትክክለኛ ፓስወርድ ነው። ፓስወርድ የሌለው አካውንት ደግሞ በኔትወርክ በኩል ጨርሶ አይገባም፤ ዊንዶውስ ሆን ብሎ ይከለክለዋል። እኔ የምመክረው ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን አካውንት ከነፓስወርዱ መክፈት ነው። ፓስወርዱን ከቀየራችሁ በኋላ እምቢ ካለ፣ ሌላው ኮምፒውተር የድሮውን አስቀምጦት ይሆናል፤ «ክሬደንሻል ማናጀር» ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት።

ስሙን ተቀብሎ «ፈቃድ የለዎትም» ካለ ጉዳዩ የፈቃድ ነው። ፈቃድ ሁለት ቦታ ይሰጣል። አንዱ ፎልደሩ ሼር ሲደረግ የሚሰጠው ሲሆን እንደ ግቢ በር ነው፤ ሌላው በዲስኩ ላይ የተጻፈው ሲሆን እንደ ክፍሉ በር ነው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ያልፋል፤ ከሁለቱ የጠበቀው ይወስንበታል። ለዚያች ሒሳብ ሠራተኛ የሚያጋጥማትን ልንገራችሁ። ከራሷ ዶክመንት አንድ ፎልደር ጎትታ እዚያው ዲስክ ላይ ወዳለው ሼር የተደረገ ፎልደር ታዛውራለች። ረዳቷ ስሙን ያያል፣ ሊከፍተው ግን አይችልም። በአንድ ዲስክ ውስጥ የተዛወረ ፋይል የቀድሞ ፈቃዱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኮፒ ብታደርገው ኖሮ የአዲሱን ቦታ ፈቃድ ይወርስ ነበር። ለረዳቱ አካውንት በሁለቱም ቦታ የማንበብ ፈቃድ መስጠት ይበቃል፤ መጻፍ የግድ ካላስፈለገው አትስጡት።

ስለ አሮጌ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። ፎልደር በኔትወርክ የሚከፈትበት ኤስኤምቢ የሚባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይቢኤም የተጀመረ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ላይ በተገኘ ቀዳዳ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ገብቶ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ዊንዶውሶች ያንን ትውልድ ሳይጭኑ ይመጣሉ። ያገለገለ ፎቶኮፒ ማሽን ወይም አሮጌ ስካነር የሚያናግረው ግን በዚያው ብቻ ስለሆነ፣ «መልሰህ አብራው» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። እባካችሁ አታብሩት። ስካኑን በፍላሽ ውሰዱት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ዊንዶውስ 11፣ 24ኤች2 የሚባለው፣ በፕሮ እትሙ ላይ ያለ ፓስወርድ በእንግዳነት መግባትን ከልክሏል። ራውተር ላይ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ፊልምና ፎቶ ሲጋሩ የነበሩ ቤቶች በድንገት «የድርጅትዎ የደኅንነት ፖሊሲ ይከለክላል» የሚል መልእክት አነበቡ፤ የምን ድርጅት ነው ብለውም ተደናገጡ። ድርጅት የለም፤ ክልከላው የዊንዶውሱ ነው። በራውተሩ ሴቲንግ ለዲስኩ ስምና ፓስወርድ አውጡለት። ራውተሩ አሮጌውን ትውልድ ብቻ የሚችል ከሆነ ዲስኩን ነቅላችሁ ኮምፒውተር ላይ ሰኩና ከዚያ ሼር አድርጉት።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ «ኮምፒውተር ማኔጅመንት» ከሚለው ውስጥ «ሼርድ ፎልደርስ»ን ክፈቱ። ምን ሼር እንደተደረገ፣ በዚያች ሰዓት ማን እንደገባ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። መጨረሻቸው ላይ የዶላር ምልክት ያለባቸው አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ ያስቀመጣቸው ስለሆኑ ተዉአቸው። ከቀሩት የማታውቁትን ዝጉ፤ «ኤቭሪዋን» የሚል ካለ አንሱና የሰዎቹን አካውንት በስም አስገቡ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አሁን አብረን እንየው።