የድምፅ ምሕንድስና ትምህርትና የወሎ ቅኝት



የሙዚቃ ቴክኖሎጂና የድምፅ ምሕንድስና ትምህርት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የመሣሪያው ብዛትና የዋጋው ውድነት ነው። ስቱዲዮ፣ ሚክሰርና ኮምፒዩተር ያላሟላ ኮሌጅ ትምህርቱን ሊሰጥ አይችልም ይባላል። በዚህ አባባል እውነት አለበት፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። መሣሪያ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ የሚያዘው ጆሮ ነው። ጆሮ የሚቀናውም ባደገበት ዜማ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚሰጥ የድምፅ ምሕንድስና ትምህርት ከአገሪቱ ቅኝቶች መጀመር ይገባዋል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ለምሳሌ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ከምትገኘው ከግራና ተነሥቶ ወደ ኮሌጅ የሚሄድ ወጣት ይታሰብ። ግራና ስሟ ከቆቦ ጋር ተጣምሮ የሚነሣው በሸለቆው የመስኖ ልማት ነው፤ ለድምፅ ተማሪ ግን ሌላም ሀብት አላት። ከሀብሩ በስተደቡብ አምባሰል አለ፤ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ደግሞ ባቲ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የሚጠሩት በእነዚህ የወሎ ቦታዎች ስም ነው። የሰርግ ማሲንቆና የመንዙማ ድቤ እየሰማ ያደገ ወጣት ኮሌጅ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። የሚቀረው በጆሮው የሚያውቀውን በቁጥር መግለጽና በመሣሪያ መያዝ ነው።

ቁጥሩ እንደሚከተለው ነው። በኪቦርድ አሠራር አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም እርምጃ 100 ሴንት ይባላል። አምባሰል በዚህ ሚዛን ሲቀመጥ ድምፆቹ 0፣ 100፣ 500፣ 700 እና 800 ላይ ያርፋሉ፤ አንቺሆዬ ደግሞ 0፣ 100፣ 500፣ 600 እና 900 ላይ። ማሲንቆ ግን ጣት የሚያርፍበት ቦታ የተከፈለለት መሣሪያ አይደለም። ተጫዋቹ በአንዲቱ የጭራ አውታር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ፣ አንዱን ድምፅ ጥቂት ከፍ፣ ሌላውን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል። ከቁጥሩ የሚያፈነግጠው ይህ ጥቂት ልዩነት የዜማው ለዛ ነው።

በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ የቀረበውና አውቶቲዩን የተባለው ፕሮግራም ሥራው የድምፃዊን ስሕተት ማረም ነው። በ12ቱ እኩል እርምጃዎች ተመርቶ እንዲሠራ ከታዘዘ ግን ስሕተትንና ለዛን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠርጋል። የበገናም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። አሥሩ የበገና አውታሮች ያን የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚሰጡት በአውታሩና በድልድዩ መካከል በሚገባው እንዝራ በተባለ ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። በገናን የማያውቅ ባለሙያ ንዝረቱን እንደ ሽቦ ብልሽት ቆጥሮ በማጣሪያ ሊያጠፋው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቅጂው የጠራ መስሎ ይወጣል፤ በገናው ግን በውስጡ የለም።

እንግዲህ የአገር ዜማ በመቅረጫ ክፍል የሚድነውም የሚጠፋውም ከሚክሰሩ ፊት በተቀመጠው ሰው ውሳኔ ነው። ይህም ሰው በመሣሪያ ዕውቀትና በዜማ ዕውቀት ላይ እኩል ሊቆም እንደሚችል ታሪክ ይመሰክራል። ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ በ1944 በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥነ ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ቅጂውን በስቱዲዮ እየለዋወጠ አዲስ የሙዚቃ ሥራ አወጣ። ይኸው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና በአንድነት የሚሰሙበትን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም በ1963 አቋቋመ። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ብሪታንያ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ወደ ሙዚቃ ዞሮ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅና በቦስተን በርክሊ ከተማረ በኋላ፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነት ጋር አዋሐደ። አምሃ እሸቴም ከ1969 ጀምሮ ባሳተማቸው ሸክላዎች የአዲስ አበባን ድምፅ ለተከታዩ ትውልድ አቆየ።

ከዚህ በመነሣት ለኮሌጅ ትምህርት የሚበጀው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት አራቱን ቅኝቶች በድምፁ ያዚም፤ በክራርም ይቃኝ። ቀጥሎ የድምፅን ጠባይ ይማር። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ እንደሚሰማ፣ ለሲዲ የሚሆን ቅጂ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንደሚለካ፣ በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ጉልበት 6 ዴሲቤል ያህል እንደሚቀንስ ይወቅ። ይህን ሲያውቅ ማይክሮፎኑን ለማሲንቆው ደጋን እጅግ ሲያቀርበው ፍትጊያው እንደሚጎላ፣ እጅግ ሲያርቀው ደግሞ የክፍሉ ድምፅ እንደሚበዛ ምክንያቱን ይረዳል። መንዙማ ሲቀዳም ድቤው ድንገት ጠንክሮ ሲመታ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ፣ ከመለኪያው ጫፍ በታች በቂ ቦታ ይተዋል።

ከዚያም የዕረፍት ጊዜ ሥራው በትውልድ ቦታው ይሁን። አንድ አነስተኛ የእጅ መቅረጫና የንፋስ መከላከያ ስፖንጅ ለመነሻ ይበቃሉ። የባለዜማውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ የመሣሪያውንና የቅኝቱን ዓይነት ይመዝግብ። ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ ለብቻው ያስቀምጥ፤ ማረምና ማሣመር በግልባጩ ላይ ብቻ ይፈጸም። በየቤቱ የተቀመጡ ካሴቶችም በሙቀትና በአቧራ እየተበላሹ ስለሆነ፣ ወደ ዲጂታል መገልበጣቸው የተማሪው የተግባር ፈተና ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዜማውን ዕውቀት ይዟል፤ የምሕንድስና ፋኩልቲዎች የኤሌክትሪኩንና የኮምፒዩተሩን ዕውቀት ይዘዋል። ሁለቱን በአንድ የትምህርት ገበታ ማገናኘት የባለሙያ ማኅበራት ግፊት የሚጠይቅ ተግባር ነው። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ቢያረጅም ይተካል። የአምባሰልን ጣዕም በጆሮው የያዘ አንድ አረጋዊ የማሲንቆ ተጫዋች ግን ሳይቀዳ ካለፈ የሚተካው የለም። ስለሆነም ከግራና የሚመጣው ወጣት ኮሌጅ ሲገባ ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያ መንካት ማወቁ ብቻ አይደለም። የሰማውን እንዲያዜምም ይጠየቅ።