የካርታ ስብስብ እና ደቦ

ዛሬ የምናወራው ስለ ካርታ ስብስብ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የወጣ፣ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለ የካርታ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይፋለሙም። በአንድ ወገን ሆነው፣ ጨዋታው ራሱ የሚያመጣባቸውን ጠላት ይገጥማሉ። ታዲያ እያንዳንዱ አስቀድሞ የራሱን የካርታ ስብስብ ያዘጋጃል። እስከ ሦስት ጀግኖች ይመርጣል፤ ቢያንስ 50 ካርታ ይጨምርላቸዋል።

ምርጫው እንዴት ነው? እስቲ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የገብስ አጨዳ ደቦን አስቡ። ሁሉም ማጭድ ይዞ ቢመጣ ነዶውን ማን ይሰበስባል? ማንስ ይከምራል? ምሳውንስ ማን ያቀርባል? የካርታ ስብስብም እንዲሁ ነው። ተዋጊ ብቻ ከሞላው፣ ቁስለኛ የሚያክም፣ ጉዞውን የሚገፋ ይጠፋል።

አሁን ለካርታ ስብስባችን ጭብጥ እንስጠው። ካርታዎቹ ከድዋርፎች ወገን ይሁኑ እንበል፤ ከተራራ ሥር ማዕድን የሚቆፍሩት የተረት ፍጡራን ማለት ነው። ዳይን የተባለ ጀግና አላቸው። ካርታው ቀጥ ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ ለድዋርፎች ሁሉ ኃይል ይጨምራል። ወደ ውጊያ ከላካችሁት ግን ካርታው በጎኑ ይዞራል፤ ጭማሪውም ይቀራል። በደቦው ዘፈን አውጪው ዝም ሲል የሌላው ክንድ እንደሚዝለው ነው። እና እኔ የምመክረው፣ ዳይንን አሳርፉት። የሚዋጉለትን ድዋርፎች በካርታ ስብስባችሁ አብዙ። ደግሞ ከጓደኛችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዳይን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሆኖ መውጣት አይችልም።