ኢንዶሜትሪዮሲስና ድባቴ፦ ሁለት ሕመሞች፣ የጋራ ሥር



ኢንዶሜትሪዮሲስ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ኅብረ ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ ሲበቅል የሚከሰት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚያጠቃ ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሕመሙና ድባቴ የሚጋሯቸው የዘረመል ሥፍራዎች እንዳሉ አሳይቷል። እንግዲህ ድባቴው የሥቃዩ ውጤት ብቻ ላይሆን ይችላል። ዘረመል ግን ተጋላጭነትን ያመለክታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ከ60,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተው ሰፊ የዘረመል ጥናት የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ የዘር ሐረግ ባላቸው ሴቶች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የአዊ ሴቶች በዚያ መዝገብ የሉም። እስኪገቡ ድረስ ግን ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ በወር አበባ ሥቃይ የመጣችን ሴት «የሴት ወግ ነው» ብለን አንመልሳት። ስለ መንፈሷም እንጠይቃት፤ በድባቴ የመጣችውንም ስለ ወር አበባዋ።